አዲሱ ፕሮሰሰርና የቴክኒሻኑ ጆሮ

በዚያች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራውን ቴክኒሻን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቅጽል ስም ብዙ ጊዜ ከጀርባ ይወጣል፤ የእሱን ግን በራሱ ላይ ያመጣው ራሱ ነው። ገና በጎረምሳነቱ፣ ሬዲዮና ቴፕ በሚጠግንባት አንድ በር ሱቅ ውስጥ ሆኖ፣ የመጣለትን ዕቃ ሳይከፍት ለአፍታ አዳምጦ ብቻ «ይሄ ስፒከሩ ተቀዷል፤ ያኛው ደግሞ አንድ ገመድ ለቆታል» ይል ነበር። አሥር ጊዜ ከተናገረ ሰባቱ ልክ ይወጣሉ። ሰባቱን ለመጣ ለሄደው ይተርካል፤ ሦስቱን ሆድ ይፍጀው ይላል። «ይሄ እኮ ጆሮ አይደለም፣ መሣሪያ ነው!» እያለ የጆሮውን ጫፍ በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ያዩ ደንበኞች መጀመሪያ ለቀልድ ብለው፣ በኋላም ለምደውት ጆሮ አሉት። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ይህን ታሪክ የሚያወራውም እሱ ራሱ ነው፤ ሲያወራው ደግሞ ለራሱ ቅንጣት አያዝንም።

ጣቢያው ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ነው። አንደኛው ስቱዲዮ ሲሆን፣ ግድግዳው ማሚቶ እንዳይመልስ አሮጌ ምንጣፍ ተቸንክሮበታል። ሁለተኛው ማሰራጫው ሲያጓራ የሚውልበት ጠባብ ክፍል ነው። ሦስተኛው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ የስብሰባ አዳራሽና የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል። ሥራ አስኪያጁ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆኑ ሁሉም «መምህር» ነው የሚሏቸው። ዜናውን የምታነበው ደግሞ ቀድሞ የሆቴል ስልክ ታነሳ የነበረች፣ ድምጿ ማር የሆነ ሴት ናት።

የጣቢያው ችግር አንድ ነበር። እንግዳው ሲያንሾካሹክ አድማጭ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ ወዲያው ማስታወቂያው ይጮህና ቤተሰቡ በሙሉ ከወንበሩ ይዘላል። ሰው ሬዲዮ የሚሰማው እጁን ከማዞሪያው ላይ ሳያነሳ ነበር። መምህር ይህን ችግር ለቦርዱ ሲያስረዱ፣ ሲጽፉ፣ ሲመላለሱ ሁለት ዓመት ከርመው በመጨረሻ አንድ ዲጂታል የድምፅ ፕሮሰሰር አገኙ። ክንድ የሚያህል፣ ከመዝገበ ቃላት የማይወፍር ጥቁር የብረት ሳጥን ነው። ከስቱዲዮው የሚወጣው ድምፅ በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ እሱ የሚያንሾካሹከውን ከፍ፣ የሚጮኸውን ዝቅ አድርጎ፣ አስተካክሎ ወደ ማሰራጫው ይልከዋል።

መምህር ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «የሚገጥመው ባለሙያ ለአንድ ቀን ይላክልን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

«ለምን ሲባል?» አለ ጆሮ።

«ዲጂታል ነው ብዬ ነው እንጂ…»

«መምህር፣ ዲጂታል ሆነ ምን ሆነ፣ ያው ድምፅ አይደል? የድምፅ መጨረሻው ደግሞ ጆሮ ነው። እኔ እያለሁ ምን ሰው ያስመጣል?»

መምህር እሺ አሉ። አስተማሪ በነበሩበት ጊዜ እጁን ቶሎ የሚያወጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መልሱን እንደማያውቅ ያዩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ዘነጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥርጭት በማይኖርበት ጊዜ ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ቴስተሩን ይዞ ሥራ ጀመረ። ሳጥኑን ከማሰራጫው በላይ አሰረው፤ ገመዶቹን ሰካ፤ ኃይል ለቀቀበት። መብራቱ በራ፤ ድምፅ ግን የለም። ለአርባ ደቂቃ ያህል ፊውዝ ለካ፣ ገመድ ቀየረ፣ ፋብሪካውን ረገመ። ለካስ መግቢያውን ከመውጫው፣ መውጫውን ከመግቢያው ሰክቶት ኖሯል። ዞር ዞር ብሎ ያየው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና ገለበጠው።

መመሪያው አንድ መቶ አርባ ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾችና የመጨረሻውን አነበበ። የመጨረሻው ስለ ዋስትና ነበር፤ መመሪያውን ሳይከተል የገጠመ ሰው ዋስትናው እንደማይሠራለት ይናገራል። ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር ጅምሩ ያማረ ነበር። የሚገባውን ድምፅ መጠን አስተካከለ፤ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል አስነሳ፤ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታውንም ልኩን ሰጠው። በቴፕ የተቀዱ ሁለት እንግዶችን፣ አንዷ የምታንሾካሹክ፣ አንዱ እንደ ገበያ ሻጭ የሚጮህ፣ አከታትሎ ለቀቃቸው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወሩ መሰሉ። የልብ ልብ ተሰማው። እዚያ ላይ አቁሞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲሰማ ድምፁ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚመጣ መሰለው። ለነገሩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዓለም ሁሉ ትንሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታበታለች፤ እሱ ግን ጥፋቱን በማዳመጫዎች፣ በስልኮች፣ ቃል በሚውጡ ሰዎች፣ በተለይ ደግሞ በሚስቱ ላይ ነበር የሚያላክከው። «አፍሽን ከፈት አድርገሽ ተናገሪ እንጂ!» ሳይላት የዋለ ቀን የለም። ስለዚህ የቀጫጭኑን ድምፅ ማስተካከያ አንድ እርከን ጨመረ። ምንም። ሦስት ጨመረ። ምንም አይል። ስድስት ሲደርስ «አሁን ተነሣ!» ብሎ ጭኑን መታ። የሳጥኑ መስታወት ላይ የበራ አንድ መስመር የቀጫጭን ድምፆች ማጉያው እንደበራ ይቆይ እንደሆነ ይጠይቀው ነበር። ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላበራውም ብሎ አለፈው።

ሰኞ ጠዋት ዜና አንባቢዋ ማይክሮፎኑን ጠጋ ብላ፣ «ሰላም አድማጮቻችን፣ ዛሬ ሰኞ ሲሆን የሰፈራችንን ዜና ይዘን ቀርበናል» አለች። ሁለተኛውን ዜና ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሾፌር ነው።

«እዚያ ጣቢያ እባብ ገብቷል እንዴ?»

«ምን አሉኝ?» አለ ጆሮ።

«ሰ በተባለ ቁጥር ጆሮዬን ይወጋኛል!»

«ሬዲዮው አሮጌ ይሆናላ፣ ወንድሜ። አዲሱ ድምፃችን ጥራት ስላለው ለአሮጌ ሬዲዮ ይከብደዋል።»

ለሁለተኛውም ደዋይ ይህንኑ አለ። ለሦስተኛው የሬዲዮውን ዕድሜ እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን ለመምህር ተወላቸው።

ረቡዕ ላይ ወሬው መልኩን ቀየረ። ሰው «ሬዲዮው ያፏጫል» ማለቱን ትቶ «ዜና አንባቢዋ የፊት ጥርሷን አወለቀች» ማለት ጀመረ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት እጇን ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን እኮ የሚተክሉት ከራስ ጥርስ አይለይም» ስትላት አንባቢዋ ቆሽቷ አርሮ ወደ ጣቢያው መጣች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ድምፄ ያፏጫል?»

ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። «እስቲ አንብቢ» አላት። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንድ እጁን አየር ላይ ሰቀለ፣ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ የነበረውን ሁኔታውን ዛሬ ሲያስታውሰው ከሀፍረቱ ይልቅ ሳቁ ይቀድመዋል።

«እንደ መስታወት የጠራ ነው» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ግን ሰው ሁሉ ካለ… ጥርስ ሐኪም መታየት አይጎዳም።»

ተቀበለችው። የጆሮን ቃል ማን ይጠረጥራል?

ዓርብ ጠዋት ከጣቢያው ጀርባ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄደ። ሰፊዋ ከሱ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ሱቋን ስትከፍት ሬዲዮኗን ከፍታ ሱቋን ስትዘጋ የምትዘጋ ሴት ናት። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ደውላለች። ጆሮ ሬዲዮኗን አስተካክሎ አፏን ለማዘጋት ነው የሄደው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጆሮ ሬዲዮኑን በካቻቪቴ ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ውስጡን አየ። አንድም ጥፋት የለውም።

«እትዬ፣ ሬዲዮሽ ትንሽ ደክሟል» አለ እንዲያው አፉ አላርፍ ብሎት።

«እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ የደከማችሁ» አለች መቀሷን ሳታስቀምጥ። «የምወደውን ሁሉ አበላሻችሁብኝ። ሰዓት ሲሞላ የምታሰሟት ቲን ቲን እንኳ እንደ መርፌ ሆነች።»

«የምን ቲን ቲን?»

«በየሰዓቱ ነዋ! እኔ ምሳዬን የምበላው በእሷ ነው።»

ጆሮ ግራ ገባው። ጣቢያው የሰዓት ምልክት የለውም፤ ቢኖረው የሚገጥመው እሱ ነው። ይህንኑ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሰፊዋ መቀሷን ወደ ክንዱ ቀሰረች።

«ይኸውልህ! ይቺ ናት!»

«ምኗ?»

«የእጅ ሰዓትህ ነዋ! አሁን አራት ሰዓት ሞላ፣ ጮኸች።»

«እትዬ፣ ይህ ሰዓት ድምፁ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ደንበኛው ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ «ጮኸ እኮ ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ» አለ፣ ሰው እንደሚያጽናና ሁሉ።

ጆሮ ሰዓቱን ከክንዱ ፈታ። ደወሉን የሚያስነሳውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋው። ጸጥ። ወደ ግራው አዞረው። ጸጥ። ቀና ሲል ሰፊዋ ፊቷን አጨማዳለች፤ ደንበኛው አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኗል።

«በቃ አጥፋው እንጂ!» አለች ሰፊዋ።

ያቺ ሰዓት ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ፣ ከዜና አንባቢዋ ጎን የድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ላይ በተዘረጋ ክንዱ ላይ ሆና፣ በማይክሮፎኑ በኩል ለሰፈሩ ሁሉ ስትጮህ ኖራለች። ሚስቱም ነግራው ይሆናል። ከነገረችውም አልሰማትም።

የሬዲዮኑን ብሎኖች መልሶ ሲያስር አንዱን ጠረጴዛው ላይ ረሳው። ሰፊዋ አየችው፤ ነገሩም የገባት ይመስላል፤ ብሎኑን አንሥታ በቀስታ አቀበለችው።

ቀትር ሲሆን ጣቢያው ዕረፍት ወጣ፤ ማሰራጫው ተዘጋ። ጆሮ የማሰራጫውን ክፍል በር ዘግቶ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የመፈተሻ ድምፅ አስነሣና በግድግዳው ስፒከር እንዲሰማ አደረገው። ድምፁን ከወፍራሙ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያቀጠነ ወጣ። ወፍራሙን ሰማ። መካከለኛውን ሰማ። ጥቂት ከፍ ሲል ድምፁ ከክፍሉ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ እንግዳ ራቀው፣ ከዚያም ጠፋ። ስፒከሩ ተቋረጠ ብሎ ኃይሉን ጨመረ። አሁንም ጸጥ። ሌላም ጨመረ።

በሩ ተበረገደ። መምህር ሁለት ጆሮአቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? ፋርማሲው ድረስ ሰው እየጮኸ ነው እኮ!»

ጆሮ ድምፁን አጠፋና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው፤ የእጅ ሰዓቷንም ጭምር።

«እኔ እኮ የሰዓት ምልክቷን አንተ አስበህ ያስገባሃት መስሎኝ ነበር» አሉ መምህር። «ለቦርዱ በአዲስ አገልግሎትነት ሪፖርት አድርጌያታለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። የጆሮ ሳቅ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። መምህር ይህን እንዳላዩ ሆነው መመሪያውን አነሡና «እስቲ እንደ ተማሪ አብረን እናንብብ» አሉት።

ነገሩ ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ በደማቅ ጽሑፍ ሰፍሮ ተገኘ። ሬዲዮ ጣቢያ ቀጫጭኑን ድምፅ ሆን ብሎ አጉልቶ ነው የሚልከው፤ የአድማጩ ሬዲዮ ደግሞ ሲቀበል መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ እግረ መንገዱንም በአየር ላይ የገባውን «ሽሽ» የሚል ጫጫታ ያጠፋል። ታዲያ ይህን የማጉላት ሥራ መሥራት ያለበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ወይ ማሰራጫው፣ ወይ ፕሮሰሰሩ። እዚህ ግን ሁለቱም ያጎላሉ። የማሰራጫውን ከስምንት ዓመት በፊት ያበራው ጆሮ ራሱ ነው፤ «እንዳይነካ» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፎም ለጥፎበታል። በሁለቱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ደግሞ እሱ ስድስት እርከን ጨምሯል። የደዋዮቹ ሬዲዮ እንኳን አሮጌ ሊሆን፣ ያን ሁሉ ችሎ መቆየቱ ያስመሰግነዋል።

በዚህ መሃል ዜና አንባቢዋ ከጥርስ ሐኪሙ ተመለሰች። አፏን በመሐረብ ይዛለች።

«ምን አለሽ?» አላት ጆሮ።

«ምንም አላገኘብኝም። ስለምነው ጊዜ ግን የፊት ጥርሴን ጫፍ ትንሽ ሞረደልኝ። አሁንስ ያፏጫል፣ ጋሼ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ልጄ» አላት፣ «ጥርስሽ ድሮም ደህና ነው። የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው።»

ሁሉንም አስረዳት። ከዚያ መሐረቡን ከአፏ አነሣች።

«ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎን ሰቅለው “እንደ መስታወት” ሲሉኝ እኮ አመንኩዎት!»

«እኔም አምኜ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአድማጭ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። እኔ አላነበውም።»

ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው መስተካከል ነበረበት። የፕሮሰሰሩን ማጉያ አጠፋ፤ የጨመረውን ስድስት እርከን ወደ ዜሮ መለሰ። የቀረውን ጥቃቅን ልኬት በማን ጆሮ ይሥራው? ለሰፊዋ ደወለላት። ሥርጭቱ ሲጀመር ስልኩን ትከሻዋና ጉንጯ መሃል አድርጋ፣ እሱ ከላይ ማስተካከያውን እያንቀሳቀሰ፣ እሷ ከታች እየሰማች ሃያ ደቂቃ አብረው ሠሩ። ሰፊዋ ስለ ድምፅ የምታውቀው ቃል ስለሌላት በጨርቅ ቋንቋ ነበር የምትናገረው።

«ይሻክራል» ትላለች።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ በጣም ለሰለሰ። ልክ እንደታጠበ ሹራብ ቅርፁን አጣ። ግማሹን መልሰው።»

«ይኸው።»

«ቆይ፣ መኪናዬን ልርገጠው… አዎ፣ መኪናው እየጮኸም ቃሉ ይለያል። እዚያ ላይ አቁመው! እንዳትነካው!»

ጆሮ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሙከራዎች መካከል አንዳች ልዩነት አልሰማም። የነገረችውን ቁጥር ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠ። ሌላውን ሰው ለማሰማት ሲደክም ለኖረ ሰው ራሱ መሰማት እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን አላወቀም ነበር። «አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት ያፏጨው የዜና አንባቢያችን ጥርስ አይደለም፤ ጥርሷ ሙሉ ነው» አለ። «ያፏጨው እኔ አስተካከልኩት ያልኩት መሣሪያ ነው። ሬዲዮአችሁ አሮጌ ነው ያልኳችሁ ሰዎችም ይቅር በሉኝ፤ ሬዲዮአችሁ ደህና ነው፣ ያረጀው ሌላ ነው።» ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ዜና አንባቢዋ በሁለት እጇ አፏን አፍና ስትስቅ አያት። የዚያን ቀን ሰባት ሰው ደወለ፤ ስድስቱ ድምፁ እንዳማረ ሊናገሩ፣ አንዱ ግን ሰውዬው በየሳምንቱ ይቅርታ ይጠይቅ እንደሆነ ሊጠይቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደችው። የምርመራው ወረቀት ላይ የመስማት አቅሙ በመስመር ተሥሏል፤ መስመሩ እስከ መሃል ሜዳውን ደህና ይሄድና ከዚያ ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ገደል ይገባል። ሚስቱ ወረቀቱን ከግራም ከቀኝም አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ «አንድ ቅጂ ለኔ ይሰጠኝ?» አለች።

የመስሚያ መሣሪያ ታዘዘለት። የምታስተካክለው ባለሙያ ትንሿን ነገር ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ እንደምታደርግ፣ የሚጮኸውን እንደምትገታ ስታስረዳው ጆሮ ፊቱ በራ።

«ገባኝ፣ ገባኝ! እንዲህ ያለ አለኝ እኮ፣ ትልቁ! ቀጫጭኑን በአንዴ አትጨምሪው፣ መጀመሪያ የሚገባውን መጠን…»

«ጋሼ» አለች ባለሙያዋ በትሕትና፣ «እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እኔ ላስተካክለው።»

ሚስቱ መስኮቱን እያየች ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤት ሲገቡ ጆሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ገለጠ። ወረቀቱ ሲገለጥ ያን ያህል እንደሚንኮሻኮሽ ረስቶት ኖሯል። የኩሽናው በር ገርበብ ብሏል፤ ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲንቸሰቸስ ይሰማዋል። ሚስቱ ለእህቷ ደውላ በለሆሳስ ታወራለች፤ እሱም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ወሬው ስለ እሱ ነው። ግትርነቱ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ማስጮሁ፣ ብርጭቆ ከተጠቀመበት ቦታ አለማንሣቱ፣ ለሰው ሁሉ ቀድሞ መልስ መስጠቱ ተራ በተራ ተወሳ። ጆሮ አንዱን እንኳ ሊያስተባብል ፈልጎ ነበር፤ ግን አንድም ውሸት አላገኘባትም። አነጋገሯ ደግሞ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድም ፊደል አልዋጠችም።

ጋዜጣውን አጥፎ ተነሣ፤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ከትናንት የቀሩትን ሁለት ብርጭቆዎች ይዞ ወደ ኩሽና ገባ። ሚስቱ ስልኩን ከጆሮዋ አነሣችና አፈጠጠችበት።

«ሰማኸኝ እንዴ?»

«አልሰማሁም» አለና ውሃውን ከፍቶ ማጠብ ጀመረ።